ከፍተኛ ባዮሎጂ ልጀምር ነው፤ እረፍቱን በምን ላሳልፈው?

«በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ያለውን የባዮሎጂ ኮርስ ልወስድ ተመዝግቤአለሁ። የአሥር ሳምንት እረፍት አለኝ። መጽሐፉን ከወዲሁ ስላገኘሁት በቀን ሃያ ገጽ እያነበብኩ ልጨርሰው አስቤ፣ ሦስት ምዕራፍ በቀለም እያሰመርኩ አንብቤአለሁ። ትናንት ታናሽ ወንድሜ ኦስሞሲስ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ትርጉሙን ነገርኩት፦ ውሃ በሴል ሽፋን በኩል ስኳር ወይም ጨው ወደበዛበት ጎን መሻገሩ ነው። ‹ውሃው ለምን ወደዚያ ይሄዳል?› ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ኬሚስትሪ ላይ ደካማ ነኝ፤ ሒሳብ አይከብደኝም። በዚሁ ልቀጥል? በቀንስ ስንት ሰዓት ላጥና?»

ውድ እህታችን፣

በዚሁ አትቀጥዪ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅሽ ወንድምሽ ያነሳው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ከትርጉሙ ይልቅ ምክንያቱን ትጠየቂያለሽ። በቀለም ማስመር ደግሞ ያታልላል። ያሰመርሽበትን ገጽ መልሰሽ ስታዪው ዐይንሽ ለምዶታልና የገባሽ ይመስልሻል፤ መጽሐፉ ሲከደን ግን እጅሽ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። መጽሐፉንማ መምህርሽ ምዕራፍ በምዕራፍ ይወስዱሻል፤ ለእሱ ዓመት ሙሉ አለ። ክፍል ውስጥ ጊዜ የማይገኘው «ይህንንስ ታውቁታላችሁ» ተብሎ ለሚታለፈው ነው፦ ለኬሚስትሪው መሠረት፣ ለስሌቱ፣ ለግራፍ ንባብ፣ አንድን ሂደት ባዶ ወረቀት ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለመጻፍ። እረፍትሽን ለእነዚህ ስጪው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 75 ደቂቃ ይበቃሻል። በአሥር ሳምንት 50 ሰዓት ይሆናል። በቀን አምስት ሰዓት ብለው የሚነሱ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሳይቆዩ ያቆማሉ፤ ካላቆሙም ሰዓቱን የሚሞሉት ያነበቡትን ደግመው በማንበብ ነው። ከ75ቱ ደቂቃ የመጀመሪያውን 15 ባለፈው ቀን የተማርሽውን ምንም ሳታዪ ወረቀት ላይ አውጪበት። ቀጥሎ ወደ 40 ደቂቃ አዲስ ነገር አንብቢ፣ ጥያቄም ሥሪ። በቀሪው 20 ደቂቃ መጽሐፉን ከድነሽ ያስታወስሽውን ጻፊና በሌላ ቀለም እስክሪብቶ አርሚው። በሁለተኛው ቀለም የተጻፈው ነገር ያልያዝሽውን ያሳይሻል፤ በማግስቱ የምትጀምሪውም ከእሱ ነው።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ደካማ ነኝ ስላልሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ለእሱ ብቻ ያዢ። ሙሉ የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልግሽም፤ ባዮሎጂው የሚፈልገው ጥቂቱን ክፍል በጥልቀት ነው።

መነሻሽ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ይሁን፤ አንድ አቶም በቦንድ (አቶሞችን በሚያያይዘው ትስስር) ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ የሚስብበት ጉልበት ማለት ነው። ሦስት ቁጥሮች ያዢ፦ ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20። በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ልዩነት 1.24 ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኦክስጅኑ ያጋድላሉ፤ ኦክስጅኑ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኑ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናል። በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ልዩነት ግን 0.35 ብቻ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ማጋደል የለም። ከእነዚህ ሁለት ቅነሳዎች ብዙ ነገር ይወጣል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡት፣ ጨውና ስኳር ውሃ ውስጥ የሚሟሙት፣ ዘይት የማይሟሟው በዚህ ምክንያት ነው። የሴል ሽፋን ሁለት ንጣፍ ሆኖ የሚሠራውም፣ የፎስፎሊፒዱ (ሽፋኑ የተሠራበት የስብ ሞለኪውል) ጭራዎች በካርቦንና በሃይድሮጅን ብቻ የተሞሉ ስለሆኑ ከውሃ ተሸሽገው ወደ ውስጥ ስለሚዞሩ ነው። ሽፋኑን ስታጠኚ ከዚህ ቅነሳ ተነሺ፤ ያኔ «አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም ወይም ሞለኪውል) ለምን በራሱ አያልፍም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በቃል መያዝ አያስፈልግሽም።

ቀጥሎ ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እንደ ተራ መለኪያ ስለሚያዩት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ነው፤ ከ7 ወደ 5 መውረድ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት 100 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። ከ7.4 ወደ 7.1 ቢወርድ ልዩነቱ 0.3 ብቻ ይመስላል፤ አዮኑ ግን በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። ከዚያ ሰንሰለቱን እስከ ኢንዛይሙ (በሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ድረስ ጎትቺው፦ ሃይድሮጅን አዮን ሲበዛ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎች) የያዙት ቻርጅ ይቀየራል፤ ቻርጁ ሲቀየር ተቃራኒ ቻርጆችን ያያያዘው ትስስር ይላላል፤ ትስስሩ ሲላላ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይዛባል፤ ቅርጹ ሲዛባ ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ሞለኪውል) የሚገጥምበት ቦታ ይጠፋል። «ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ መሐሉን በሙሉ ዘሎታል፤ ከፍ ባለ ኮርስ ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው ለመሐሉ ነው።

ሌላው የማገናኘትና የመለያየት ነገር ነው። የግሉኮስ ሞለኪውል 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን አለው። ሁለት ግሉኮስ ሲጣመሩ ሃይድሮጅኑ 24፣ ኦክስጅኑ 12 የሚሆን ይመስላል። የሁለቱ ጥምር ማልቶስ ግን 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ነው ያለው፤ አንድ ውሃ ወጥቷል። ለመለያየት ያንኑ ውሃ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሃይድሮሊሲስ የሚባለው ይህ ነው። ራስሽን ፈትኚ፦ 10 አሚኖ አሲዶች በአንድ መስመር ሲያያዙ ስንት ውሃ ይወጣል? 10 ካልሽ እንደገና ሳዪው፤ መጋጠሚያዎቹ 9 ናቸው።

በዚሁ ክፍል ስለ ኤቲፒ፣ ሴል ለሥራው ጉልበት ስለሚያገኝበት ሞለኪውል፣ ያለውን አንድ የተለመደ ስህተት ከወዲሁ ንቀዪ። «በኤቲፒ ቦንድ ውስጥ ጉልበት ተቀምጧል፤ ቦንዱ ሲሰበር ይወጣል» የሚለው አባባል በየቦታው ይነገራል። ማንኛውንም ቦንድ ለመስበር ጉልበት ይወጣበታል እንጂ አይገኝበትም። ኤቲፒ ከውሃ ጋር ሲፈታ ጉልበት የሚለቀቀው የሚገኙት ውጤቶች ከመነሻዎቹ ይልቅ የተረጋጉ ስለሆኑ ነው፤ አዳዲስ ቦንዶች ሲፈጠሩ የሚወጣው ለመስበር ከተከፈለው ይበልጣል።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ሙከራ በእጅሽ እንድትሠሪ እንፈልጋለን፤ የወንድምሽንም ጥያቄ ይመልስልሻል። የሚያስፈልግሽ ድንች፣ ስኳር፣ ስድስት ብርጭቆ፣ ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መለኪያና 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ነው። የስኳር፣ ማለትም የሱክሮስ፣ አንድ ሞል 342 ግራም ይመዝናል። በየብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር እንዲኖር ለመጀመሪያው ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ለ0.2 ሞላር (በሊትር 0.2 ሞል) 13.7 ግራም፣ ለ0.4 27.4፣ ለ0.6 41፣ ለ0.8 54.7፣ ለ1.0 ደግሞ 68.4 ግራም ስኳር መዝኚ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ስኳሩን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አትጨምሪው። በትንሽ ውሃ ካሟሟሽው በኋላ ጠቅላላው 200 እስኪሞላ ድረስ ነው ውሃ የምትጨምሪው። ስኳሩ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ፣ 68.4 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ላይ ብትጨምሪው ጠቅላላው ወደ 240 ይደርስና «1.0» ብለሽ የጻፍሽበት ብርጭቆ በእውነት 0.8 አካባቢ ይሆናል።

ድንቹን ልጠሽ፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 18 ቁራጮች አውጪ፤ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት። ልጣጭ የቀረበት ቁራጭ ውሃ እንደልብ አያስገባምና አትጠቀሚበት። የየብርጭቆውን ሦስት ቁራጮች አንድ ላይ መዝነሽ መዝግቢ፤ ከዚያ ጨምሪያቸው። ውሃው እንዳይተን ብርጭቆውን ሸፍነሽ አሳድሪው። በማግስቱ እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት ፎጣ በቀስታ አድርቀሽ መልሰሽ መዝኚ። ሳታደርቂ ብትመዝኚ ላዩ ላይ የቀረውን ውሃ አብረሽ ትመዝኛለሽ፤ ብትጨምቂው ደግሞ ከውስጡ ታወጪበታለሽ። ሁሉንም እኩል ማድረቅ ነው ቁም ነገሩ።

ለውጡን በግራም አትተዪው፣ በመቶኛ አስዪው። 12 ግራም የነበረው 13.2 ቢሆን 1.2 ጨመረ፤ 15 የነበረው 16.2 ቢሆንም 1.2 ጨመረ። የመጀመሪያው ግን 10 በመቶ፣ ሁለተኛው 8 በመቶ ነው። ከዚያ በአግድሙ መስመር የስኳሩን መጠን፣ በቁሙ የመቶኛ ለውጡን አድርገሽ ግራፍ ሥሪ። መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበት ነጥብ ድንቹ ውሃ የማያተርፍበትም የማይከስርበትም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ0.2 እና በ0.4 ሞላር መካከል ይውላል።

እንበልና 0.28 ላይ ቢያቋርጥና ክፍሉ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ የውሃ ፖቴንሻሉን፣ ውሃው ወደ ሌላ ቦታ የመሻገር ዝንባሌውን የሚለካውን ቁጥር፣ ታሰዪዋለሽ። ስኳር ውሃ ውስጥ ስለማይበታተን የስሌቱ የመጀመሪያ ቁጥር 1 ነው (የገበታ ጨው ቢሆን 2 ይሆን ነበር)። 1 በ0.28፣ በ0.0831 (የማይለወጥ ቋሚ ቁጥር)፣ በ295 ተባዝቶ ኔጋቲቭ ምልክት ሲቀመጥለት −6.9 ባር ይመጣል። 295 ከየት መጣ? 22 ላይ 273 ተደምሮ ወደ ኬልቪን ተቀይሮ ነው፤ ተማሪዎች ይህን መደመር ሲረሱ መልሳቸው ወደ −0.5 ይወርዳል። ኔጋቲቩን መርሳትም እንደዚሁ የተለመደ ነው።

ወንድምሽ መልሱን ከዚህ ያገኛል። የውሃ ሞለኪውሎች በሽፋኑ በኩል ሁልጊዜ ወዲያም ወዲህም ይመላለሳሉ። ስኳር በበዛበት በኩል ሽፋኑን ለመሻገር ነፃ የሆነው ውሃ አነስተኛ ነው፤ የውሃ ፖቴንሻሉ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሻገረው ከዚያ ከሚመለሰው ይበልጣል። ውሃው «ማመጣጠን ፈልጎ» የሚሄድበት ቦታ የለም፤ እንዲህ ብለሽ አትጻፊ። ሞለኪውል አይፈልግም። ፍላጎትን ለሞለኪውል መስጠት መልሱን የሚያበላሽ ልማድ ነው፤ ዝግመተ ለውጥ ላይም «እንስሳው ለመኖር ብሎ ተለወጠ» እያለ ይመለስብሻል።

ሒሳብ አይከብደኝም ስላልሽ ስድስተኛውን ሳምንት በደስታ ትሠሪዋለሽ። ካይ ስኩዌርን፣ የተቆጠረው ከተጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካውን ስሌት፣ የዘር ውርስን በአተር ካጠናው ከሜንዴል ቁጥሮች ተማሪው። በ1866 ባሳተመው ሥራው ላይ በአተር ፍሬ ቅርጽ 5474 ድቡልቡልና 1850 የተጨማደደ ቆጥሯል፤ ድምሩ 7324 ነው። የሚጠበቀው 3 ለ 1 ከሆነ 5493 እና 1831 መሆን ነበረበት። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል 19፤ ካሬው 361። 361ን ለ5493 ስታካፍዪ 0.066፣ ለ1831 ስታካፍዪ 0.197፤ ድምሩ 0.26 ገደማ። ሁለት ምድብ ስላለ የነፃነት ደረጃው 1 ነው፤ በ0.05 ወሰኑ 3.84። 0.26 ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በዕድል ብቻ ሊመጣ የሚችል ነው፣ 3 ለ 1 የሚለውን ግምት አንጥለውም። «ተረጋገጠ» ብለሽ አትጻፊ፤ «አልጣልነውም» ነው ትክክሉ። በመቶኛ መሥራትም ክልክል ነው። ስሌቱ የሚሠራው በቆጠራው ቁጥር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም 7324 አተር ላይ የታየ ልዩነትና 100 አተር ላይ የታየ ልዩነት እኩል ክብደት የላቸውም።

ሃርዲ ዋይንበርግ፣ በሕዝብ ውስጥ የአሊሎችን (የአንድ ጂን የተለያዩ ዓይነቶችን) ድርሻ የምናሰላበት ቀመር፣ ብዙ አያቆይሽም። ስህተቱ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚከማቸው፦ ጥያቄው «16 በመቶው ሕዝብ ሪሴሲቭ (አሊሉ ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ብቻ የሚታይ) ባሕርዩን ያሳያል» ሲል 0.16 የግለሰቦቹ ድርሻ እንጂ የአሊሉ አይደለም። ስኩዌር ሩቱን አውጪ፤ 0.4። ሌላው አሊል 0.6፤ ተሸካሚዎቹ 2 በ0.6 በ0.4፣ ማለትም 48 በመቶ ናቸው። 0.84ን እንደ ዶሚናንቱ አሊል የሚወስድ ተማሪ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል።

ስታንዳርድ ዴቪየሽንና ስታንዳርድ ኤረርንም ለዪ። የመጀመሪያው መረጃው ምን ያህል የተበታተነ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው፣ ዴቪየሽኑ ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚመጣው፣ አማካዩ ምን ያህል እንደሚታመን። ግራፍ ላይ የስህተት መስመር ስታዪ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳታነቢ ምንም አትደምድሚ።

ከሰባተኛው ሳምንት እስከ ዘጠነኛው ሂደቶቹን ያዢ፦ ከዲኤንኤ ወደ ፕሮቲን፣ ሴላዊ ትንፈሳ፣ ፎቶሲንተሲስ፣ ማዮሲስ (የዘር ሴሎች የሚፈጠሩበት ክፍፍል)። አራት ብቻ። እያንዳንዱን ባዶ ወረቀት ላይ እስክታወጪ ድረስ ድገሚው፤ ሦስት ነገሮች ካልተጻፉ አልጨረስሽም፦ የት ይካሄዳል፣ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል።

የመጀመሪያውን እንዲህ ሥሪው። የዲኤንኤው ቴምፕሌት (የሚገለበጠው ገመድ) ቲኤሲ–ኤኤኤ–ጂጂሲ–ኤቲቲ ይሁን። ኤምአርኤንኤው (ከእሱ የሚወጣው ቅጂ) ኤዩጂ–ዩዩዩ–ሲሲጂ–ዩኤኤ ይሆናል፤ ሲተረጎም ሜቲዮኒን፣ ፊኒልአላኒን፣ ፕሮሊን፣ ከዚያ ማቆሚያ። አሁን ከኤምአርኤንኤው አራተኛዋን ፊደል ሰርዢ። ኤዩጂ–ዩዩሲ–ሲጂዩ–ኤኤ ቀረ። ሁለተኛው አሚኖ አሲድ አልተነካም፤ ዩዩሲም እንደ ዩዩዩ ፊኒልአላኒን ነውና። ሦስተኛው ግን ከፕሮሊን ወደ አርጂኒን ተቀየረ፤ ማቆሚያው ደግሞ ጠፋ፣ ፕሮቲኑን የሚሠራው ራይቦዞም ማንበቡን ይቀጥላል። 64 ኮዶኖች (ባለ ሦስት ፊደል ቃሎች) ሲኖሩ 61ዱ ለ20 አሚኖ አሲዶች፣ 3ቱ ለማቆሚያ መሆናቸው ትርጉም የሚሰጠው እንዲህ በእጅ ሲሠራ ነው። ቀጥለሽ አንድ ፊደል ከመሰረዝ ይልቅ ቀይሪ። በሲክል ሴል በሽታ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጂኤጂ ጂዩጂ ሲሆን በሂሞግሎቢኑ ቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ቻርጅ ያለው ግሉታሚክ አሲድ ቻርጅ በሌለው ቫሊን ይተካል። ውሃ የማይወደው ይህ ቦታ ኦክስጅን ሲያንስ ከሌላ ሂሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ቀይ የደም ሴሉም ቅርጹን ያጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ኬሚስትሪ እዚህ ድረስ እንደመጣ እዪ።

ትንፈሳ ላይ የክሬብስ ዑደትን (ከትንፈሳ ደረጃዎች አንዱን) የእያንዳንዱን ውህድ ስም አትሸምድጂ፤ ኮርሱ ይፈልገው እንደሆነ ከመምህርሽ ዝርዝር ይታያል፤ ካልፈለገው ጊዜሽን ይበላል። ይልቅስ አተሞቹን ተከታተዪ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን መጨረሻው ውሃ ነው፤ የምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሚመጣው ከምግቡ ካርቦን ነው። ብዙ ተማሪ ኦክስጅኑ ራሱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀየር ይመስለዋል። ዕፅዋት ሌሊትም ቀንም እንደሚተነፍሱ አትርሺ፤ ፎቶሲንተሲስ ትንፈሳን አይተካም። ስታጠኚ ደግሞ አንድ ነገር አበላሺና ውጤቱን ተንብዪ፦ የማይቶኮንድሪያው (በሴል ውስጥ ትንፈሳ የሚካሄድበት ክፍል) ውስጠኛ ሽፋን ፕሮቶን እንዲያሾልክ ቢደረግ ምን ይሆናል? የኤሌክትሮን ጉዞው ይቀጥላል፣ ኦክስጅንም ይፈጃል፤ ኤቲፒ ግን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም በሙቀት መልክ ይወጣል። ይህን ሳታዪ ከመለስሽ ምዕራፉን ይዘሽዋል።

ፍላሽ ካርድ ከፈለግሽ ራስሽ ጻፊው፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ግማሽ ጥቅሙ ቀርቷል፣ የሚያስተምረው አዘገጃጀቱ ነውና። በቀን ከ10 አዲስ አይበልጥ፤ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ተመልሰሽ እዪው። በአንዱ ገጽ «ኦስሞሲስ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ጨዋማ ውሃ የተሰጠው ተክል ለምን ይጠወልጋል?» ብለሽ ጻፊ።

አሥረኛው ሳምንት ላይ አዲስ ነገር አትጀምሪ። በሁለተኛው ቀለም የታረሙትን ወረቀቶች ሰብስቢና ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ስህተት ብቻ መልሰሽ ሥሪ። ወንድምሽን ደግሞ አስቀምጪና አራቱን ሂደቶች ያለ መጽሐፍ አስረጂው፤ «ለምን?» ሲልሽ ቃል ያጠረሽበትን ቦታ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጊበት። ከሦስት በላይ ምልክት ያለበትን ሂደት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና አውጪው።